እጄን ያዝ

ወገኖቼ፣ የጌታ ስም ይባረክ። ምስክርነት ስጪ ስባል እሸሻለሁ፤ ማይክ ስይዝ ጉልበቴ ይከዳኛል። መጻፍ ይሻለኛል።

እናቴ ያረፈችው ደሴ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነበርኩ፤ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዜ ገና አላለቀም፣ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ያረዱኝ ሦስት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ናቸው፣ ቅዳሜ በማለዳ። በሩን ከፍቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ጸሎት እምቢ አለኝ። ጉባኤ እሄዳለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ ውስጤ ግን ጭር ብሏል። "ወረቀቴ እስኪወጣ ብቻ አቆይልኝ" ብዬ ስንት ለምኜው ነበር እኮ!

የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ሽፍት። እዚያ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበሩ። የመርሳት ሕመም አለባቸው፤ ስሜን አንድም ቀን ይዘውት አያውቁም። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሳገላብጣቸው በቀጭን ድምፅ መዘመር ጀመሩ። "ፕሪሸስ ሎርድ"፣ ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ። የልጃቸውን ስም የረሱ ሴት አንድ ቃል አልሳቱም። እየዘመሩ እጄን ፈልገው ያዙ። ጓንት አድርጌ ነበር። አወለቅሁና እጄን መልሼ ሰጠኋቸው። የእናቴ እጅ ሻካራ ነበር፤ የሳቸው ቀዝቃዛና ልስልስ። ምንም አይመሳሰሉም። ግን አለቀስኩ።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ስለ መዝሙሩ ስልኬ ላይ አነበብኩ። የጻፈው ቶማስ ዶርሲ ነው፤ ቀድሞ ጆርጂያ ቶም እየተባለ ብሉዝ ይጫወት የነበረ የቺካጎ ሰው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1932 ለአገልግሎት ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው። ሚስቱ ኔቲ በወሊድ ሞታለች። ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። መዝሙሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘማሪት ማሃሊያ ጃክሰን በ1968 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀብር ላይ ዘምራዋለች ይላል፤ እኔ ግን ቴሌግራሙ ላይ ቀረሁ። ዶርሲም ርቆ ሳለ ነው የተረዳው። እግዚአብሔር በደለኝ ብሎ አኩርፎ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለካ ማኩረፍም ይቻላል!

እዚያው አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቤ አንድ ልጅ ቺፕስ እየቆረጠመ፣ ከወራት በኋላ ጸለይኩ። "እጄን ያዝ" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ከመርዶው ወዲህ ያለ ኪኒን ተኝቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን የቀሰቀሰኝ የማታው አላርም ነው።

ወረቀቴ በዓመቱ ወጣ። እልል የተባለልኝ ለሱ ነው፤ ለሱም ጌታ ይመስገን። እኔ ግን ልመሰክር የተነሳሁት ስለዚያ እንቅልፍ ነው።

ያን ማታ ሥራ ስገባ እናት እንደ ልማዳቸው "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸውና ላገላብጣቸው እጄን ከትከሻቸው ሥር አስገባሁ።