የሽንኩርቷ ክሮች፦ አምስተኛ ሳምንቴ

ባለፈው ስጽፍላችሁ የእፅዋት ሕዋስን ሜምብሬን (ሕዋሱን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) በካላማዳሪ፣ ከእሱ ውጭ ያለውን ጠንካራ ግድግዳ ደግሞ በጎማ መስዬ ነበር። ውስጥ ያለው ውሃ ሜምብሬኑን ይነፋዋል፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፣ አለቀ። ምሳሌው ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ አሳስቶኛል፤ እናንተንም ካሳሳትኩ ይቅርታ።

ነገሩ የታየኝ በቀይ ሽንኩርት ነው። ከሄርማታ ገበያ የመጣች፣ እማዬ ለወጥ ያስቀመጠቻት። «ዛሬም ለመነጽርህ ነው?» አለችኝ፤ ማይክሮስኮፔን ማለቷ ነው። ከሽንኩርቷ ውጫዊ ገጽ ላይ ስስ ቆዳ በጥፍር ይላጣል። ቀዩ ቀለም ሕዋሱ መሃል ባለው የውሃ ከረጢት፣ ቫኩዮል በሚባለው ውስጥ ስለሆነ ማቅለሚያ መግዛት አያስፈልግም።

መጀመሪያ በጨው ሞከርኩ። በዛብኝ መሰለኝ፣ ምኑንም ሳላይ ሁሉም ኩምትር አለ። ሁለተኛው ቀን ዝናብ። የእኔ ማይክሮስኮፕ በመስታወት ብርሃን የሚሠራ አሮጌ ነው፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ ብቅ እስክትል ቡና ተፈልቶ ያልቃል። ሦስተኛው ላይ ወደ ስኳር ዞርኩ፤ ለአንድ የቡና ሲኒ ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ። ይሄኛው ሠራ።

ስኳሩ በግድግዳው ቀዳዳዎች ያልፋል፣ ሜምብሬኑን ግን በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቀዩ ነገር ይሟሽሻል። ፕላስሞሊሲስ የሚሉት ይሄ ነው። ጎሚስታ ጎማ ሲያስተነፍስ ካላማዳሪው ወለል ብሎ ይወጣል አይደል? እኔም እንደዚያ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ላቀቁ። ጎኖቹ ግን እዚህም እዚያም ተይዘው ቀሩ፤ በተያዙት ነጥቦች መካከል ያለው ወደ ውስጥ ጎበጠ፣ የተነከሰ ዳቦ ይመስላል። ከቆይታ በኋላ አብዛኞቹ ተላቀው ድብልብል አሉ።

ከዚያ የማይክሮስኮፑን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ግማሽ ዘጋሁት። አንዲት ሕዋስ ላይ፣ በቀዩ ድብልብልና በግድግዳው መካከል፣ ቀጫጭን ክሮች ተወጥረዋል። ከጫማ የሚላቀቅ ማስቲካ አስቡ። ስልኬን ገጥሜ ፎቶ ላነሳ ስል እጄ ነካውና ጠፉ። ሌላ ሕዋስ ላይ እስካገኝ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ፎቶው አሁንም አያምርም።

እነዚህን ክሮች እ.ኤ.አ. በ1912 ሄክት የተባለ ተመራማሪ በሽንኩርት ላይ ገልጿቸዋል፤ ዛሬም በስሙ ነው የሚጠሩት። ክሮቹ የሜምብሬኑ ራሱ ቅጥያ ናቸው፣ ተስቦ የቀጠነ። ይሄ ማለት ሜምብሬኑ በውሃ ግፊት ብቻ አልተለጠፈም፤ ቦታ ቦታ ታስሯል።

በምን ታሰረ? ያነበብኩትን በአጭሩ። አንደኛው ሴሉሎስ፣ ግድግዳው የተሠራበት ክር ነው። ሴሉሎስን የሚሠራው ፕሮቲን የተቀመጠው ሜምብሬኑ ላይ ነው፤ ክሩን እየፈተለ ወደ ግድግዳው ይለቀዋል። ጥጥ የምትፈትል ሴትን አስቡ፣ የክሩ አንድ ጫፍ ገና እጇ ላይ ነው። ሌላው፣ ሜምብሬኑን አቋርጠው የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ በውጭ በኩል ፔክቲን የሚባለውን የግድግዳውን ሙጫ መሳይ ነገር ይይዛሉ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ግድግዳው ላይ ምን እንደደረሰ ለሕዋሱ ያሳብቃሉ። ጎረቤት ሕዋሳትን የሚያገናኙት ጥቃቅን ቱቦዎችም፣ ፕላስሞዴስማታ፣ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፉ ሜምብሬኑን ይይዙታል።

ወደ ሽንኩርቷ ልመለስ። ንጹህ ውሃ ጨመርኩላት። ቀዩ ቀስ ብሎ ነፋ፣ ግድግዳውን ሞላ። በጨው የገደልኳቸው ግን አልተመለሱም።

ቀጣዩ የቡና ችግኝ ሥር ነው። ሥር ውስጥ የካስፓሪ ቀበቶ የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሕዋሱ ቢሟሽሽም አይላቀቅም ይላሉ። ሥሩን በምላጭ ስስ አድርጎ መቁረጥ ገና አልሆነልኝም፤ ሁለት ችግኝ አበላሽቻለሁ። የምላጭ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።