ሌላኛው የፊደል ገበታ

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የኬሚስትሪ ፈተና ደርሶባታል። "አክስቴ፣ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብልን) ሳታዩ የንጥረ ነገሩን ቦታ አግኙ ተብለናል። 118ቱን ሁሉ እንዴት አድርጌ ነው የምሸመድደው?" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አንጀቴን በላችው። እኔም በእሷ ዕድሜ ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ያሉትን ሃያዎቹን እንደ ዳዊት ደግሜያለሁ። ቦታቸው ከየት እንደመጣ ግን የነገረን አልነበረም። ፈተና ላይ የብሮሚን ግሩፕ፣ ማለትም በሰንጠረዡ የቆመበት ዓምድ፣ ሲጠየቅ ባዶውን መለስኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ግድግዳው ላይ የትንሹ ወንድሟ የፊደል ገበታ ተለጥፏል። "ቡ የት ነው?" አልኳት። ወዲያው ጠቆመች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የበ ዘር ነዋ፤ ካዕብ ነው።"

"ካዕብ መሆኑን ማን ነገረሽ?"

"ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው።"

ይኸው ነው። ፊደሉ ቦታውን በመልኩ ተሸክሞታል። ንጥረ ነገርም ቦታውን በኤሌክትሮኖቹ አደራደር ተሸክሞታል።

ክሎሪንን ወሰድን። ቁጥሩ 17 ነው፤ 17 ኤሌክትሮን አለው። ከታች ጀምራ ሞላች፦ 1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ² 3ፒ⁵። የፊቱ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ያሉበትን ቤት፣ ፊደሉ (ኤስ፣ ፒ ወይም ዲ) የቤቱን ክፍል፣ ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት ትናገራለች። ከፊት ካሉት ቁጥሮች ትልቁ 3 ነው፤ ስለዚህ ፔሬድ (አግድም ረድፍ) 3። የመጨረሻው ኤሌክትሮን ፒ ውስጥ ስለገባ ቦታው በቀኝ በኩል ነው። በ3ኛው ቤት 2 እና 5፣ ሰባት ኤሌክትሮን አለ። ከዚህ በፊት የሚቆጠሩ 10 የዲ ዓምዶች ስላሉ አሥር ትጨምራለች። ግሩፕ 17።

ብረት ላይ ግን ተደናቀፈች። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥር 26ን ሞልታ መጨረሻው ላይ 4ኤስ² 3ዲ⁶ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ "ፔሬድ 3" አለች። መጨረሻ የገባው 3ዲ ስለሆነ ነው። "መጨረሻ የገባውን ተይው፤ ትልቁን ቁጥር እይ" አልኳት። 4ኤስ ከ3ዲ ቀድሞ ይሞላል፤ ብረትም ፔሬድ 4 ላይ ነው። ግሩፑን ለማግኘት እዚህ አሥር አይጨመርም። የኤስን 2 እና የዲን 6 መደመር ነው፤ 8። እርሳሷን አስቀምጣ ለራሷ ደግማ አሰላችው። ክሮሚየምና መዳብ አንድ ኤሌክትሮን ከ4ኤስ ወደ 3ዲ ያሻግራሉ፤ ድምሩ ግን ስለማይለወጥ ግሩፓቸው አይነካም።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። "ሂሊየም 1ኤስ² ከሆነ ለምን ግሩፕ 2 አይገባም?" እንዴት ደስ አለኝ! የሂሊየም ቤት በሁለት ኤሌክትሮን ሙሉ ነው። ከማንም ጋር መዋሃድ አይፈልግም፤ ጠባዩ የነኒዮን ነው። ስለዚህ ግሩፕ 18 ላይ ተቀመጠ። ገበታውን እንደገና አሳየኋት። "ሀ" የተቀመጠው ግዕዝ ላይ ነው፤ ድምፁ ግን የራብዕ ነው። ሳቀች።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የሩሲያዊው ኬሚስት የሜንዴሌቭ ነገር ነው። ሰንጠረዡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው። ሰውየው ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ የንጥረ ነገሮቹን ክብደትና ጠባይ ብቻ ይዞ ደረደራቸው። የጎደለ ሲመስለው ቦታውን ክፍት ተወው። ከአሉሚኒየም ሥር አንድ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብሎ ጠባዩን አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘ። እጅ ላይ የሚቀልጥ ብረታ ብረት ነው።

ይህን ነገርኳት፤ ስሙን ግን ደበቅኳት። "ቁጥር 31ን ሥሪ" ብቻ አልኳት። ጎንበስ ብላ ሞላች። መጨረሻው 4ኤስ² 3ዲ¹⁰ 4ፒ¹ ሆነ። "ፔሬድ 4... ሁለትና አንድ ሦስት፣ ሲደመር አሥር... ግሩፕ 13!" ሰንጠረዡን ገለጠች። ጣቷ 13ኛውን ዓምድ ይዞ ወረደ፤ ቦሮንን አለፈ፣ አሉሚኒየምን አለፈ፣ ከሥሩ ቆመ።

"ጋሊየም" አለች ቀስ ብላ።