ቃል በተገባ ዶላር የቆመ ስታዲየም

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። መስከረም ከጠባ በኋላ ቅዳሜ የእኛ አይደለም። መንገዱ ይዘጋል። ሰው የግቢውን ሣር ሳይቀር ለመኪና ማቆሚያ ያከራያል። ቀይ የለበሰ የማታውቀው ሰው ሱቅ ውስጥ «ኦ-ኤች!» ብሎ ይጮኻል፤ አንተም «አይ-ኦ!» ብለህ ትመልሳለህ። ዝም ብለህ ካለፍክ ሰላምታ የነፈግከው ነው የሚመስለው።

የዚህ ሁሉ ግርግር ምክንያት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። ዛሬ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የኮሌጅ ልጆች ለሚጫወቱት ኳስ! ያውም በእጅ ለሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል። ጨዋታው እስካሁን ብዙም አልገባኝም። ስታዲየሙን የማውቀው በመጥረጊያ ነው። አንድ ሰሞን በጨዋታ ማግስት ከሚያጸዱት ሠራተኞች ጋር እሠራ ነበር። እሁድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሴ ያስቀራል። እናቴ በስልክ ስትሰማ አልወደደችውም። ክፍያው ግን ክፉ አልነበረም።

ተመልካች ሜዳውን ነው የሚያየው። የሚጠርግ ሰው ግን ሕንጻውን ያያል። ዓምዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደቆሙ፣ የላይኛው መቀመጫ በታችኛው ላይ እንደተንጠለጠለ ያስተውላል። አብሮን የሚሠራ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነበር። ቡናውን ይዞ ከተቀመጠ ከዓምዶቹ ጀምሮ ታሪኩን ያወርደዋል። እሱ የጀመረልኝን በኋላ እያነበብኩ ጨረስኩት። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ቺክ ሃርሊ ከሚባል ልጅ ነው። ቺካጎ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ኮሎምበስ ነው። በ1916፣ በ1917 እና ከጦር ሠራዊት ተመልሶ በ1919 ለዩኒቨርሲቲው ተጫወተ። በሦስቱ ዓመታት የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ1919 ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ፤ 13 ለ 3። ሚሺጋን ማለት ለእነዚህ ሰዎች ጊዮርጊስና ቡና ማለት ነው፤ ሌላ አላብራራም። ያኔ ቡድኑ የሚጫወተው ሃይ ስትሪት ዳር በነበረው ኦሃዮ ፊልድ ነበር። ሃርሊን ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ከሜዳው በላይ ሆነ።

ቶማስ ፍሬንች የሚባሉ የምሕንድስና ሥዕል መምህር ደግሞ አንድ ሕልም ነበራቸው። በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ ትልቅ የኮንክሪት ስታዲየም። ዲዛይኑን የሠራው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ሃዋርድ ድዋይት ስሚዝ ነው። የሰሜኑን መግቢያ ጉልላት የሮማውን ፓንቴዮን አስመስሎ አወጣው። የመቀመጫው ብዛት 66,210። በ1920 የኮሎምበስ ሕዝብ 237 ሺህ ገደማ ነበር። እንግዲህ አስሉት፤ ከአራት ነዋሪ አንዱን አስቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል። ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች መሃል «ይሄ መቼም አይሞላም» ያሉ ነበሩ። እኔም ያኔ ብኖር ከእነሱ ጋር ነበር የምቆመው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የቀረው። በጥቅምት 1920 ዘመቻ ተጀመረ። የድሮ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ የከተማው ሰዎች ቃል እንዲገቡ ተጠየቁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቃል የተገባው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የሕንጻው ወጪ ግን ወደ 1.3 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ላይ ቃል የገባው ሁሉ አልከፈለም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቤተክርስቲያን ለመግዛት የሚሰበሰብ የሐበሻ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሳቅሁ ይገባዋል። በጭብጨባው መሃል እጁን ከፍ አድርጎ ትልቅ ቁጥር የሚጠራ፣ ከዚያ ስልክ የማያነሳ ሰው በየደብሩ አለ።

እነሱ ግን ሁሉም እስኪከፍል አልጠበቁም። ነሐሴ 3 ቀን 1921 የኦሃዮ ገዥ ሃሪ ዴቪስ በተገኙበት ቁፋሮው ተጀመረ። ቦታው ኦሌንታንጂ ወንዝ ዳር ያለ ረባዳ መሬት ነው። ከተማዋን ጎርፍ ካጥለቀለቃት ገና አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም፤ እሱ በ1913 ነው። በአሥራ አራት ወር ግን ሕንጻው ቆመ። ዛሬ እዚህ አገር አንድ መንገድ ለመጠገን የሚፈጀውን ጊዜ ላየ ይሄ ተረት ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥቅምት 7 ቀን 1922 ከኦሃዮ ዌስሊያን ጋር ተደረገ። በእኛ መስከረም 27 ቀን 1915 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ መድኃኔዓለም። ኦሃዮ ስቴት 5 ለ 0 አሸነፈ። መቀመጫው ግን ግማሹ እንኳ አልሞላም። «ብለን ነበር» ያሉት ሰዎች ያን ቀን እንዴት ደስ ብሏቸው ይሆን!

ደስታቸው ሁለት ሳምንት ነው የቆየው። ጥቅምት 21 የምርቃቱ ጨዋታ ነበር፤ ከማን ጋር? ከሚሺጋን። ከ70 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ሕንጻው ሞላ፣ ተረፈ። ከዚያ ሚሺጋን በገዛ ምርቃታቸው 19 ለ 0 ቀጣቸው። ሃሪ ኪፕኪ የሚባል ተጫዋች ብቻውን አመሳቸው። በሰሜኑ ጉልላት ውስጥ በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ አበባ ተስሏል። የሚሺጋን ቀለም ሰማያዊና ቢጫ ነው። ውርርድ ተሸንፈው ነው የሳሉት የሚል ተረት ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ያ ጡረተኛ ባልደረባችን ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ አባቱ የተሰደበ ነው የሚመስለው።

ሃርሊስ? ስታዲየሙን እስከዛሬ «ሃርሊ የሠራው ቤት» ይሉታል። እሱ ግን ለዩኒቨርሲቲው አንድም ጨዋታ እዚያ አልተጫወተም፤ ሕንጻው ሳይጀመር ጨርሶ ወጥቷል። በኋላ የአእምሮ ሕመም ያዘው። አብዛኛውን ዕድሜውን ኢሊኖይ ውስጥ በወታደሮች ሆስፒታል አሳለፈ። በ1948 ኮሎምበስን ሊጎበኝ ሲመጣ ከተማው በሰልፍ ወጥቶ ተቀበለው። በእኛ ሰው ዘንድ እንዲህ ዓይነት ሕመም ሲገጥም ቤት ይዘጋል፣ ስም አይነሳም። ለዚያ ሰልፍ የወጡትን ሰዎች ስለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ሌላ ደግሞ ሰው ኖሮበታል። እውነቴን ነው። በ1933፣ በዚያ የድህነት ዘመን፣ 75 ተማሪዎች በስታዲየሙ ማማ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶላቸው ገቡ። ሥራውን ተካፍለው በትንሽ ክፍያ ይኖሩ ነበር። ማደሪያው እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቆይቷል። ኪራይ ተካፍለን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ለተኛን ሰዎች ይህ ብዙም አይገርምም።

በዚያው በ1933 ሯጩ ጄሲ ኦወንስ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። ጥቁር ስለነበር በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እንዲኖር አልተፈቀደለትም። ከግቢ ውጭ ተከራይቶ፣ በመንግሥት ምክር ቤት ሕንጻ ሊፍት እያንቀሳቀሰ ተማረ። ስታዲየሙ ውስጥ በሜዳው ዙሪያ የመሮጫ ትራክ ነበር። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ አራት ወርቅ ወሰደ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሦስት ወሩ ማለት ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ስታዲየም በስሙ ይጠራል። ማደሪያ የከለከለ ተቋም በስምህ ስታዲየም ሲሰይምልህ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ አሜሪካ እንዲህ ናት።

«አይሞላም» ላሉት መልሱ በ1926 መጣ። ሚሺጋን ተመልሶ ሲመጣ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ገባ፤ ለ66 ሺህ በተሠራ ሕንጻ።

ይህን ሁሉ ባለፈው የሕንጻ ኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ አወራሁት። እኛም ልንገዛው የምናስበው አዳራሽ ሰፋብን፣ አልሰፋብንም በሚል ከተከራከርን ሰንብተናል። የሚበዙት «ለማን ነው ይሄ ሁሉ ወንበር?» ባዮች ናቸው። ወጣቶቹ ታሪኩን ወደዱት። ሒሳብ የሚይዙልን ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«አንተ ልጅ፣ ቃል ገብተው ያልከፈሉትን ምን አደረጓቸው?»

«አላነበብኩም፣ ጋሼ።»

«እሱን አንብብና ተመለስ» አሉኝ፤ የእኛን ዝርዝር ከኪሳቸው እያወጡ።