ከአስር ስንት?

ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ቁጭ ብዬ መጻፍ ስለቻልኩ ሳልረሳው ልጻፈው።

ትርፍ አንጀት ነው። ማታ እምብርቴ አካባቢ የጀመረኝ ቁርጠት ሲነጋ ወደ ቀኝ ወርዶ እዚያው ተተከለ፣ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበርኩ። ማደንዘዣውን ወገቤ ላይ ነው የወጉኝ። ስወጣ ምንም ስላላመመኝ አክስቴን «ይቺው ናት እንዴ?» ብዬ ጎረርኩባት። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ማደንዘዣው ለቀቀኝ፣ ጉራውም አብሮ ሄደ።

ሲስተር መጣችና «ህመሙን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትሰጪዋለሽ?» አለችኝ። ስምንት ነበር። «አራት» አልኳት። እኛ ቤት «ቻይው» እየተባለ ነው ያደግነው፣ ምን ላድርግ። አጠገቤ የተኙት እትዬ ግን፣ ሐሞት ጠጠር ተሠርተው ነው፣ «ኧረ በማርያም፣ አለቅኩ!» እያሉ ክፍሉን አናወጡት። አፈርኩላቸው። መርፌያቸውን ተወጉ፣ ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመሩ። እኔ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነጋ።

ጠዋት ትንፋሼን ግማሽ ግማሹን ነው የምስበው፣ ሳል ሲመጣ እውጠዋለሁ፣ ተነሺ ስባል እንቢ። ሲስተር አየችኝና ተቆጣች። «ካልሳልሽና በደንብ ካልተነፈስሽ ሳንባሽ ይታመማል፣ ካልተራመድሽ እግርሽ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። መድኃኒቱን የምንሰጥሽ እንድትተኚ ብቻ መሰለሽ? እንድትነሺ ነው እኮ!» ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እውነተኛውን ቁጥር ነገርኳት፣ ተወጋሁ፣ ከዚያ ትራስ ቁስሉ ላይ ጥብቅ አድርጌ አቅፌ መሳልን አስተማረችኝ። በጎን ተገልብጦ፣ እግርን አውርዶ፣ በእጅ ተገፍቶ መነሳትንም። ኮሪደሩን እንደ አሮጊት ጎብጬ ዞርኩት። (አክስቴ ጠያቂ በተሰበሰበበት «ፈስ ወጣላት ወይ?» ብላ ሐኪሙን የጠየቀችውን ግን ይቅር አልላትም።)

ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻ አልተስማማኝም። አስመለሰኝ፣ በትኩስ ቁስል ማስመለስ ደግሞ ለጠላትም አይስጥ። ስነግራቸው ቀየሩልኝ።

ቤት ስገባ የታዘዘልኝ ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው ሌላ ማስታገሻ ደግሞ ምግብ ከበላሁ በኋላ ነው። በእኛ ሰዓት ለመያዝ ቀላል ነው፣ ስድስትና አስራ ሁለት፣ ቀንም ማታም። በሦስተኛው ቀን ግን ደህና ነኝ ብዬ የሌሊቱን ስድስት ሰዓት ዘለልኩት። አክስቴም «ይለምድብሻል፣ ተይው» ስትል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያቃሰትኩ ነቃሁ። ዘግይቼ የዋጥኩት ደግሞ ቶሎ አልያዘልኝም፣ ህመሙ አንዴ ቀድሞኝ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ አላርም አለ።

ትናንት ጎረቤታችን ጉንፋን የያዘኝ መስሏት የጉንፋን ክኒን ይዛልኝ መጣች። ማሸጊያውን ባላነብ ኖሮ እዋጠው ነበር፣ ውስጡ ፓራሲታሞል አለበት። በቀን ከ4 ግራም እንዳላልፍ ተነግሮኛል፣ የታዘዘልኝ ብቻውን (ግማሽ ግራም የሆነ ፍሬ፣ በቀን ስምንት) 4 ግራም ይሞላል።

አሁን የሚያመኝ ሳቅ ብቻ ነው። ቡናው ፈልቷል እየተባልኩ ነው፣ ያቺ አስቂኝ ጎረቤታችንም ድምጿ ይሰማኛል፣ ትራሴን ይዤ ልሂድ።