የኪችን ካቢኔት በተገቢ ዋጋ ያሠራሁት እንዲህ ነው

"በካሬ ስንት ነው?" አዲስ አበባ ውስጥ የኪችን ካቢኔት ሊያሠራ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔም ጠየቅሁ። ለዚያችው ለአንዲት የኮንዶሚኒየም ኪችን የተጠራልኝ ዋጋ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንዱ ሌባ፣ ሌላው ደግ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ዋጋ የሚሰጠኝ ለተለያየ ዕቃ ነበር። አንዱ ግራናይቱን ጨምሮ ይናገራል፣ ሌላው ሳይጨምር። አንዱ ውስጡን በቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ በተጨመቀ ሰሌዳ)፣ በሩን ብቻ በኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት በተጨመቀ ሰሌዳ) ሊሠራ አስቧል። ሌላው ሁሉንም በኤምዲኤፍ። አንዱ ቫት አስገብቷል፣ ሌላው ውል ልንፈርም ስንል "15 በመቶ ይጨመራል" ይላል።

ስለዚህ የካሬ ዋጋ መጠየቄን ተውኩና አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። የግድግዳዎቹን ልክ፣ የመስኮቱን ቦታ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንደሆነ ሣልኩ። ከሥሩ የምፈልገውን ዘረዘርኩ፦ የሰሌዳው ዓይነትና ውፍረት፣ የመሳቢያው ብዛት፣ የማጠፊያው ዓይነት፣ ጀርባው በምን እንደሚዘጋ፣ ማጓጓዣና ገጠማ ማን እንደሚችል። ከዚያ ለሁሉም ያንኑ ወረቀት ሰጥቼ "ለዚህ ጠቅላላ ዋጋህን ጻፍልኝ" አልኩ። አንዳንዶቹ "እህቴ፣ እንዲህ አንሠራም፣ በካሬ ነው የምንሠራው" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። የጻፉልኝን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጬ ማወዳደር ቻልኩ።

ልኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ሳይታይ የሚሄደው እዚያ ነው። የእኔ ኪችን ኤል ቅርጽ አለው። አንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ ሌላው 1.80 ነው። አንዱ ልክ የወሰደልኝ ባለሙያ ሁለቱን ደምሮ 4.80 አለ፣ በ85 ሳንቲ ሜትር ቁመት አባዛና የታችኛውን ካቢኔት 4.08 ካሬ አደረገው። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ግን የታች ካቢኔት ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች ሲገናኙ ማዕዘኑ ላይ ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ስቶቩ የሚቆምበት 60 ሳንቲ ሜትርም ካቢኔት የሌለበት ባዶ ቦታ ነው፣ እሱም ተቆጥሯል። ሁለቱን ስናወጣ 3.06 ካሬ ቀረ። የታችኛው ካቢኔት ሩብ ያህሉ የሌለ እንጨት ነበር ማለት ነው።

ይህን በእርጋታ አሳየሁት። እሱም በበኩሉ እውነት ያለው ነገር ተናገረ፤ የማዕዘን ካቢኔት ሥራው ከባድ ነው፣ በሩም እንደ ሌላው በር አይደለም። ልክ ነው። ለማዕዘኑ ሥራ ለብቻው ዋጋ አውጥተን ተስማማን። ይኼኛው ይሻላል፤ የምከፍለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱም የልፋቱን ያገኛል። የላይኛው ካቢኔት ላይም መስኮቱን ቆጥረው እንዳይሄዱ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያደረግሁት መርካቶ መውረድ ነው። ዕቃ ልገዛ ሳይሆን ዋጋ ልሰማ። የተለመደው የኤምዲኤፍ ሰሌዳ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፣ ወደ 3 ካሬ ይጠጋል። አንዱን የእንጨት ሥራ ባለሙያ ለዚህ ኪችን ስንት ሰሌዳ እንደሚፈጅ ቀድሜ ጠይቄው ነበር። የሰሌዳውን፣ የማጠፊያውን፣ የመሳቢያ ሬሉን፣ የእጀታውን ዋጋ በየፍሬው እየጠየቅሁ መዘገብኩ። ቤት መጥቼ ደመርኩት። በዚያ ላይ የመቁረጫ፣ የጠርዝ ማልበሻ፣ የጉልበት፣ የቤት ኪራይና የትርፍ ሲጨመር ተገቢው ዋጋ በግምት የት እንደሚወድቅ ታየኝ። ከዚያ በጣም በላይ የጠሩትን ተውኳቸው። ከዕቃው ዋጋ እምብዛም ከፍ ያላለ ዋጋ የሰጠኝንም ተውኩት። በዚያ ዋጋ የሚሠራ ሰው ከየት ያተርፋል? ከጀርባው ውፍረት፣ ከማጠፊያው፣ ወይም ቀብዱን ተቀብሎ ከመጥፋት ነው።

ዋጋ ስትሰሙ ቀኑንም መዝግቡ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ሰሌዳውም ማጠፊያውም አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከዚያ በፊት ያሠራች ጎረቤት የነገረቻችሁን ዋጋ ይዛችሁ ብትከራከሩ አያዋጣም። እኔ የጠየቅሁት የተጻፈልኝ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ነበር። እዚያው ወረቀት ላይ አስጻፍኩት።

ስለ ዕቃው ጥራት ማንም የነገረኝን ብቻ አልተቀበልኩም። ከየቤቱ ቁራጭ ሰሌዳ ለመንኩ፣ ማንም አልከለከለኝም። ውፍረታቸውን ለካሁና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው ተራው ቺፕውድ ጠርዙ አብጦ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። "እርጥበት ይችላል" ተብለው ከተሰጡኝ ሁለት ቁራጮች አንዱ እምብዛም አልተለወጠም። ሌላው ግን መሐሉ አረንጓዴ ሆኖም አብጧል። እርጥበት ለመቻሉ ምልክት ተደርጎ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ጥሩውን ሰሌዳ በሲንኩ ዙሪያ ብቻ አድርጌ፣ ውሃ የማይደርስበትን በመካከለኛው አሠራሁ። ዋጋው ላይ ጥሩ ቅናሽ ያመጣው አንዱ ይህ ነው።

የታችኛው ካቢኔት እግር እንዲኖረውም አጥብቄ ጠየቅሁ። እኛ ቤት ወለል በውሃ ይታጠባል። ሰሌዳው ወለሉን ከነካ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። የምጣዱንም ነገር አስቡ። አንዱ ሾውሩም የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከሚቀመጥበት በላይ ካቢኔት ሊያደርግልኝ ነበር። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ የካቢኔቱን ሥር ያገኘዋል። እዚያ ላይ ምንም እንዳይሠራ አደረግሁ። ካቢኔቱም ተረፈ፣ የካሬውም ሒሳብ ቀነሰ።

ለላይኛው ድንጋይ የአገር ውስጥ ግራናይት መረጥኩ። እብነ በረድ ዓይን ይማርካል፣ ግን ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ይበላዋል፣ ኪችን ደግሞ ያለ ሎሚ አይውልም። የድንጋይ ዋጋ ስትጠይቁ የሲንኩ መቁረጫና የጠርዝ ማለስለሻ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው።

ክፍያው ላይ ስንደርስ የመረጥኩት ባለሙያ 70 በመቶ በቅድሚያ ጠየቀኝ። ሰሌዳ የሚገዛበት ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ይገባኛል፣ ስለዚህ ግማሹን ሰጠሁ፣ 40 በመቶውን ዕቃው ቤት ሲደርስ፣ የቀረውን 10 በመቶ ግን ገጠማው አልቆ ሁለት ሳምንት ከተጠቀምኩበት በኋላ እንድከፍል ተዋዋልን። ውሉ ላይ የሰጠሁት ገንዘብ "ቀብድ" እንዲባል አድርጌያለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ለሁለታችንም እኩል የሚከብድ ነገር ነው፣ ለዚህም ወደድኩት። ያለ ደረሰኝ ቢሆን እንደሚቀንስልኝም ተነግሮኝ ነበር። አልተቀበልኩም። ነገ በሩ ቢወልቅ በምን ወረቀት እጠይቃለሁ?

ዋጋ ስከራከር ስለ ብር ብቻ አላወራሁም። "ስንት ትቀንሳለህ?" ከማለት "ይህን ብናወጣ ስንት ይሆናል?" ማለት የበለጠ ሠርቶልኛል። በሁሉም በሮች ላይ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ማጠፊያ ታስቦ ነበር፤ ቀን በቀን ለሚከፈቱት ብቻ አስቀረሁ። የሚያብረቀርቀውን በር በማት ቀየርኩ፣ ማቱ የጣት አሻራም ያን ያህል አያሳይም። ባለሙያው ትርፉ አልተነካበትም፣ እኔም የማልፈልገውን አልከፈልኩም። ሰው ተከፍቶ የሚሠራልህ ሥራ ላይ ድክመቱ የሚወጣው በኋላ ነው፣ ስለዚህ የጉልበቱን ዋጋ አልነካሁም።

ያቺ 10 በመቶ ሥራዋን ሠርታለች። ከተገጠመ በኋላ ሁለት መሳቢያዎች እየጎረበጡ ነበር፣ አንድ በርም ከጎኑ ካለው ጋር አልተስተካከለም። ደወልኩ፣ በማግስቱ መጥቶ አስተካከለ፣ ቀሪውን እዚያው ከፈልኩት። ከሰሌዳዎቹ የተረፉትን ቁራጮችም ጠየቅሁት። የሰሌዳው ሒሳብ የተሠራው በሙሉ ሰሌዳ ስለሆነ የእኔ ናቸው። ሳያንገራግር ጭኖ አመጣልኝ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ዕቃዎች መደርደሪያ ሆነዋል።