ልጁ የት ነው የሚያድረው?

የታክስ ሰሞን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በነፃ ታክስ ስንሞላ፣ ሐበሻ ፊቴ ሲቀመጥ ቶሎ የምጠይቀው «ልጁ የት ነው የሚያድረው?» ብዬ ነው። ደመወዙን እንድጠይቀው የጠበቀ ሰው ግር ይለዋል።

ምክንያቱ ኢአይቲሲ ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ። የሚከፈል ታክስ ባይኖርብህም ገንዘቡ እጅህ ይገባል። በ2024 ገቢ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው እስከ 7,830 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ እስከ 4,213። ልጅ ለሌለው ግን ከ632 አያልፍም፤ እሱም ያላገባ ሰው ገቢው 18,591 ከደረሰ ዜሮ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በትንሹ ክፍያ፣ በሰዓት 15 ዶላር፣ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው ይህን የገቢ ጣሪያ በብዙ ያልፈዋል።

ፓርኪንግ የሚሠሩ አንድ አባት መጥተው ነበር። «ልጆችዎ አብረዎት ናቸው?» አልኳቸው።

«አዲስ አበባ ናቸው። ግን የትምህርት ቤቱንም የቤት ኪራዩንም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ደረሰኙ ሁሉ አለኝ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።

ደረሰኙ አይሠራም። ሕጉ የሚያየው ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እዚሁ አሜሪካ ከአንተ ጋር መኖሩን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ለአባት መንገር ከሥራው ሁሉ ይከብደኛል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሆቴል የምታጸዳ እህታችን ቅጹ ላይ ልጅ የለኝም ብላ ሞላች። ወሬ ስንጀምር ለካ የእህቷ ልጅ ከሷ ጋር እየኖረ ነው የሚማረው። «እኔ አልወለድኩትም እኮ!» አለች። የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ታናሽ ወንድም፣ የልጅ ልጅ ሁሉም ይቆጠራል፤ የአክስት ልጅ ግን አይቆጠርም (ይሄ ለኛ ሰው መቼም አይገባውም)። ልጁም እሷም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነበራቸው፤ ወላጁም እዚያ ቤት አይኖርም። ያለፉትን ዓመታትም አስተካክላ እንድትጠይቅ ነገርናት፤ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ ይቻላል።

«ልጅ እጨምርልሃለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ብዙዎቹ ወረቀቱ ላይ አይፈርሙም፤ የሚጠየቀው ባለ ስሙ ነው። ማጭበርበር ከሆነ ገንዘቡን ከነወለዱ መመለስ ብቻ ሳይሆን ለ10 ዓመት ክሬዲቱን ትከለከላላችሁ።

ስትመጡ የልጁን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ እንዲሁም አድራሻችሁ ያለበት የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ደብዳቤ ያዙ። ይህ ክሬዲት ያለበት ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) በሕግ ከየካቲት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ በፊት አይለቀቅም፤ ስለዚህ በጃንዋሪ «የት ደረሰ?» ብላችሁ አትደውሉልኝ።