ቡድናችን ውጪ እያሸነፈ በሜዳው ለምን ነጥብ እንደሚጥል እንዴት ደረስኩበት

ምክትል አሰልጣኝ ነኝ፣ የጨዋታ ቪዲዮ እያየሁ መተንተንም የኔ ስራ ነው። ቡድናችን ለረጅም ጊዜ አንድ የማይለቀው ነገር ነበረበት፣ ከሜዳ ውጪ ሄዶ ጠንካራ የሚባሉትን አሸንፎ ይመጣና በሳምንቱ በገዛ ሜዳው ከሰንጠረዡ ግርጌ ካለ ቡድን ጋር አቻ ይወጣል ወይ ይሸነፋል። ደጋፊው "ለማልያው ክብር የላቸውም" ይላል፣ ሌላው ሜዳው እርግማን አለበት ይላል፣ ተጫዋቾቹም የሜዳ ጨዋታ ሲደርስ ፊታቸው ይቀየራል። እኔ ደግሞ በወሬ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ መልስ ማግኘት ፈለግኩ፣ እንዴት እንደሰራሁትና ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ፣ ይሄ ችግር ያለበት ቡድን ብዙ ነውና ለአንዳችሁ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ያጣራሁት ችግሩ እውነት መኖሩን ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥቂት ጨዋታ ብቻ አይተህ "በሜዳችን ደካማ ነን" ብትል፣ ምናልባት በዛ ሰሞን በሜዳህ ትልልቆቹን ገጥመህ ውጪ ደግሞ ደካሞቹን አግኝተህ ይሆናል፣ ፕሮግራሙ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ስለዚህ ነጥብ መቁጠሩን ትቼ አንድ ተጋጣሚ ይዤ በኛ ሜዳና በነሱ ሜዳ ያደረግነውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ ስንት ጊዜ ጎል ጋ ደረስን ሳይሆን ከየት ቦታ መታን፣ ፊታችን ስንት ሰው ነበር ብዬ። ልዩነቱ በግልፅ ወጣ። ከሜዳ ውጪ ሙከራችን ትንሽ ነው ግን ከግብ ጠባቂው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘንበት ብዙ ነው፣ በሜዳችን ሙከራው ብዙ ሆኖ አብዛኛው ከርቀት ወይም በተከላካይ ተከቦ የተመታ ነው።

ቀጥሎ ትልልቆቹን ቡድኖች አየሁ፣ ምክንያቱም የነሱ ጨዋታ ሁሉ ተቀርፆ ይገኛል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2020/21 ፕሪሚየር ሊግ ከሜዳው ውጪ ካደረጋቸው 19 ጨዋታዎች አንዱንም አልተሸነፈም፣ 12 አሸንፎ በ7ቱ አቻ ወጣ። በገዛ ሜዳው በኦልድትራፎርድ ግን 6 ጊዜ ተሸነፈ፣ ከነዚህ አንዱ የሊጉ መጨረሻ ሆኖ በወረደው በሼፊልድ ዩናይትድ የተሸነፈው 2 ለ 1 ነው። እውነት ነው ያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ሁሉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ በሊጉ በሙሉ እንኳን ከሜዳ ውጪ የተገኘው ድል 153፣ በሜዳ የተገኘው ደግሞ 144 ነበር። ይሄ ደጋፊ ሲጠፋ የሜዳ ጥቅም አብሮ እንደሚጠፋ ያሳያል። የማንቸስተር ዩናይትድ ልዩነት ግን ከዛም በላይ ሰፊ ነው፣ እና ባዶ ስታዲየም ውስጥ "ደጋፊው አስጨንቋቸው ነው" ማለት አይቻልም። እኔ እንደማየው ነገሩ የነበረው አጨዋወታቸው ላይ ነው፣ አጥቂው ራሽፎርድ የሚሮጥበት ሜዳ ሲያገኝና አማካዩ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ቀና ብሎ የሚያይበት ሰከንድ ሲኖረው ማንንም ያስጨንቁ ነበር፣ ተጋጣሚ ሁሉንም ሰው ይዞ ወደ ኋላ ሲቀመጥ ግን ኳሱን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሱ ጨዋታው ያልቅ ነበር።

ደጋፊ ሞልቶም ይሄው ነው። ክሪስታል ፓላስ በ2018/19 በሜዳው በሴልኸርስት ፓርክ 5 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ከሜዳው ውጪ ግን 9 አሸነፈ፣ ማንቸስተር ሲቲን በሲቲ ሜዳ በኢትሃድ 3 ለ 2 ያሸነፈውም በዛው ዓመት ነው። የፓላስ ደጋፊ ደግሞ በእንግሊዝ ጮክ ብለው ከሚደግፉት አንዱ ነው፣ ሰነፍ ደጋፊ ነው የሚባል አይደለም። እንደ ዘሃና ታውንሴንድ ያሉ የመስመር አጥቂዎችን የያዘ ቡድን ግን ተጋጣሚው ወጥቶ ሲጫወትለት ነበር የሚወደው።

እዚህ ጋ ስደርስ የኛንም ቪዲዮ በአዲስ ዓይን ደግሜ ማየት ጀመርኩ። በየጨዋታው የፃፍኩት ነገር ቀላል ነው፣ ኳሱን የት ቦታ ነጠቅን፣ ከነጠቅን በኋላ ጎል ጋ ለመድረስ ስንት ቅብብል ፈጀብን፣ ወደ ሳጥኑ ስንጠጋ ከኳሱ ጀርባ ስንት የተጋጣሚ ተጫዋች ነበር፣ ስንት ኳስ አሻማን፣ የተቆጠረብን ጎል እንዴት መጣ። ኤክሴል ላይ በአምስት ረድፍ የሚያልቅ ነው፣ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ከሜዳ ውጪ ኳሱን የምንነጥቀው መሀል ሜዳ አካባቢ ነው፣ ሁለቱ የመስመር ተከላካዮቻቸው ወደ ፊት ወጥተው ከኋላቸው ባዶ ሜዳ ትተው፣ ሶስት አራት ቅብብል አድርገን ጎል ጋ ነን። በሜዳችን ተጋጣሚ የሚመጣው አንድ ነጥብ ይዞ ለመሄድ ነው፣ ዘግቶ ይጫወታል፣ ግብ ጠባቂው ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ያባክናል፣ እኛ ኳሱን ይዘን ከሳጥኑ ውጪ እንዞርና መንገድ ሲጠፋን እናሻማለን፣ ረጃጅም ተከላካዮቻቸው በጭንቅላት ይመልሱታል፣ በተመለሰው ኳስ በመልሶ ማጥቃት ይገባብናል። ማለት በሜዳችን ሌላ ቡድን አልሆንንም፣ የተሰጠን ጨዋታ ነው ሌላ። ውጪ ተጋጣሚያችን እኛ ላይ የሚሰራውን ስህተት በሜዳችን እኛው እየሰራነው ነበር።

ሌላው ያደረኩት ነገር ጨዋታውን አንዴ ድምፁን አጥፍቼ አንዴ ደግሞ ከነድምፁ ማየት ነው። ይሄን ሀሳብ ያገኘሁት በ2002 ከታተመ የዳኞች ጥናት ነው፣ ዳኞችን ለሁለት ከፍለው ያንኑ የታክል (ኳስ የመንጠቅ ፍልሚያ) ቪዲዮ ለግማሾቹ በድምፅ ለግማሾቹ ያለድምፅ ያሳዩአቸውና የደጋፊውን ጩኸት የሰሙት በሜዳው ባለቤት ላይ ያነሰ ፋውል ቆጠሩ። ጩኸት የዳኛን ዓይን ካሳሳተ የሃያ ዓመት ልጅ እግርንማ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ድምፁን ከፍቼ ሳይ የገረመኝ ደጋፊው ሲጮህ ያለው ሰዓት አይደለም፣ ማጉረምረም ሲጀምር ያለው ነው። ጎል ሳይቆጠር ጊዜው ሲሄድ መሀል ተከላካያችን ኳሱን ወደ ግብ ጠባቂው ሲመልስ "ኤጭ!" የሚል ድምፅ ከነሙሉ ትሪቡኑ ይመጣል፣ ልጁ በሚቀጥለው ኳስ ወደ ኋላ መስጠቱን ፈርቶ በረጅሙ ይለጋዋል፣ ኳሱም ይጠፋል። ደጋግሜ ያየሁት ነው። ከሜዳ ውጪ ያንኑ ኳስ ወደ ኋላ ሲሰጥ የሚያጉረመርምበት የለም፣ የሚጮሁት የነሱ ደጋፊዎች ናቸው፣ የነሱ ጩኸት ደግሞ አይነካውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ምክንያት መዝጋት ደስ ይላል ግን አያዋጣም። አያክስ በ2018/19 ሻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፉ ላይ ከሜዳው ውጪ ሪያል ማድሪድን 4 ለ 1፣ ዩቬንቱስን 2 ለ 1፣ ቶተንሃምን 1 ለ 0 አሸንፎ በሜዳው ግን አንዱንም አላሸነፈም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "እንደ ፓላስ ነው" ሊል ይችላል። አይደለም። በመልሱ ጨዋታ ቶተንሃምን በራሱ ሜዳ እስከ እረፍት 2 ለ 0 እየመራ ነበር፣ የቶተንሃሙ ሉካስ ሞውራ ሶስት ጎል አግብቶ የመጨረሻውን በጭማሪው 6ኛ ደቂቃ ላይ አስቆጥሮ ነው የጣላቸው። እዛ የነበረው ችግር የተዘጋ በር መክፈት ሳይሆን መሪነትን መጠበቅ ነው፣ መድሃኒቱም ሌላ ነው። የራሳችሁን ጨዋታ ሳታዩ የሌላውን መፍትሄ አታምጡ የምለው ለዚህ ነው።

ዋናው አሰልጣኝ ያሳየሁትን ካየ በኋላ የቀየርነው ብዙ ነገር አይደለም። ልምምድ ላይ በሳምንት አንዱን ቀን ሙሉ ለሙሉ የተዘጋ ቡድን ላይ እንዲሆን አደረግን፣ አስር ሰው ሳጥኑ ፊት ይቀመጣል፣ ሌሎቹ መክፈት አለባቸው፣ ከሩቅ ማሻማት ክልክል ነው፣ እስከ መጨረሻው መስመር ደርሶ ኳሱን በምድር ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። መጀመሪያ ልጆቹ ጠሉት፣ ጎል አይገባማ። ኋላ ግን ትዕግስት ለመዱ፣ ኳሱን በፍጥነት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲቀይሩ ክፍተቱ እንደሚመጣ በራሳቸው አዩት። ከዛ በላይ የጠቀመን ደግሞ የቆሙ ኳሶች ናቸው፣ ዘግቶ የሚጫወት ቡድን ኮርነርና ቅጣት ምት መስጠቱ አይቀርም፣ እኛ ደግሞ ከዛ በፊት ኮርነርን እንደ እረፍት ነበር የምናየው። በማጥቃት ላይ ሆነን ሁለቱ መሀል ተከላካዮችና አንድ አማካይ ከኋላ እንዲቀሩ፣ አጥቂያቸውንም ኳሱ ሳይደርሰው ገና እንዲይዙት አደረግን፣ በመልሶ ማጥቃት የሚገባብን ጎል ወዲያው ነው የቀነሰው።

ሌላው ድፍረት የጠየቀ ነገር ነው፣ በሜዳችን ሆነን አንዳንዴ ኳሱን ሆን ብለን ለተጋጣሚ መተው። ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብለን እነሱ ኳስ እንዲይዙ ስናደርጋቸው ሳያስቡት ወጣ ወጣ ይላሉ፣ ያኔ ከሜዳ ውጪ የምናገኘውን ክፍት ቦታ በሜዳችን አገኘነው። ሁሉም አይወጣልንም፣ ጨርሶ የማይወጣ ቡድን አለ፣ የሚወጣው ግን ይበልጣል።

ደጋፊውንም አነጋገርን። መሪዎቻቸውን ጠርተን ያንን የማጉረምረም ቪዲዮ አሳየናቸው፣ ሳንወቅሳቸው፣ ልጁ ከድምፁ በኋላ ምን እንዳደረገ ብቻ አቁመን አሳየናቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዛ በኋላ ራሳቸው ናቸው ወደ ኋላ ለሚሰጥ ኳስ ማጨብጨብ የጀመሩት፣ ሁሉም ሰው አይደለም፣ ጥቂቶቹ ሲጀምሩት ግን ማጉረምረሙን ይሸፍነዋል። እኔ ከዚህ ስራ ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይሄኛው ነው፣ ደጋፊ ቡድኑን የሚጎዳው ጠልቶ አይደለም፣ ምን እየሆነ እንዳለ ካሳየኸው ከማንም በላይ ያግዝሃል።

ትንሽ የምትመስል ግን የማልንቃት ነገር አለች። ለውጪ ጨዋታ ሁላችንም በአንድ አውቶብስ እንሄዳለን፣ አብረን እንበላለን፣ መንገድ ላይ ስለ ጨዋታው እናወራለን። ለሜዳ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ከየቤቱ ነበር የሚመጣው፣ አንዱ ለዘመዱ ቲኬት ሲያፈላልግ፣ አንዱ ስልክ ሲያወራ ማሟሟቂያው ይደርሳል። አሁን በሜዳችንም ቀድመን ተሰባስበን አብረን ነው የምንገባው፣ የቲኬት ጥያቄ ደግሞ ከዋዜማው በፊት ያልቃል።

በሜዳችን የምናገኘው ነጥብ ከፍ ብሏል፣ የውጪውም አልወረደም። አሁን የያዘኝ ጥያቄ ቀድሞ ጎል ሲቆጠርብን ነው፣ በሜዳችን ተጋጣሚ አንዴ ካገባ በኋላ የበለጠ ይዘጋል፣ እኛም ያንን የለመድነውን ትዕግስት ቶሎ እንጥለዋለን፣ ልጆቹ ከዛች ጎል በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ለብቻ እየቆረጥኩ ማየት ጀምሬያለሁ።